የአጎቴ በኩል፣ የእኔ በኩል

ጃንዋሪ 11

ደረስኩ። ከፊጂ ዋና ከተማ ከሱቫ የመጣንባት መርከብ ሌሊቱን ስታንገላታን አድራ ጠዋት ጣለችን። ወደ ዳር ካደረሰችን ጀልባ ወርጄ እግሬ ውሃውን ሲነካ ደነገጥኩ። ለሕፃን ገላ የተሞቀ ውሃ ይመስላል። ገና በጃንዋሪ!

አጎቴ ሴሩ ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። የመንደሩ አለቃ ስለነበሩ ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ ያለው የሰሜን ኮራል በሙሉ ተዘግቷል፤ ጥቁር ጨርቅ የታሰረባቸው እንጨቶች ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ሐዘኑ እስኪያበቃ እዚያ አንድ ዓሣ አይነካም። ሲያበቃ ይከፈትና ከዚያው በተያዘው ይደገሳል። እስከዚያ መንደሩ የሚበላው ከደቡቡ በኩል ነው።

ያረፍኩት እትዬ ኪኒሲሜሬ ዘንድ ነው፤ የአጎቴ ሚስት። ጥቁር ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ሳቅፋቸው ቅልል ብለውብኛል። «የእህታችን ልጅ መጣች!» ብለው ወደ ጎረቤት ተጣሩ። እዚህ ማንም ኡናይሲ ብሎ አይጠራኝም። እኔ ቫሱ ነኝ፤ እናቴ የዚህ መንደር ልጅ ስለሆነች የእህት ልጅ ነኝ። ለራት ጎደሬ በኮኮናት ወተት ከተሠራ ዓሣ ጋር ቀረበልኝ። ሁለቴ አስጨመርኩ።

ጃንዋሪ 14

ለኮራል ጥናቴ ያመጣኋቸውን ሙቀት መለኪያዎች ውሃው ውስጥ አሰርኩ። ግማሹን በሰሜን፣ ግማሹን በደቡብ። በጀልባ የሚወስደኝ ኤሮኒ ነው፤ አሁን አለቃ ሆነው የሚሠሩት የአጎቴ የኤሳላ ልጅ። ሐዘን ላይ ስለሆነ ጢሙን ለቆታል።

«ይሄ ሁሉ ዶክተርነት ውሃው ሞቀ አልሞቀ ለማለት ነው? እጄን ነክሬ እነግርሽ አልነበር?»

«ያንተ እጅ ከያቆና ስኒ ሌላ ምን ያውቃል?»

«እሱም ውስጥ ውሃ አለ እኮ።»

የአጎት ልጅ ይሳደባል፤ ወጉ ነው። ሳይሰድበኝ የዋለ ቀን የተቀየመኝ ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 22

ኮራሉ ቀለም አወጣ። ሐምራዊ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለ ቢጫ። ውሃው ሲሸሽ ሴቶቹ ዳር ቆመው አፋቸውን ይዘው ያያሉ። «ባሕሩ ለሴሩ አጌጠላቸው» አለች አንዷ። እትዬ ኪኒሲሜሬ በደስታ አለቀሱ።

ጌጥ አይደለም፤ ትኩሳት ነው። ኮራሉ ሥጋው ውስጥ አስጠግቶ የሚያኖራቸው፣ እሱን የሚመግቡት ደቃቃ ፍጥረታት አሉ። ሲሞቀው ያባርራቸዋል። ያ ቀለም ራቁቱን ሲቀር ከፀሐይ የሚከለልበት ነው። ቀጥሎ ነጭ ይሆናል።

ምን ብዬ ልንገራቸው? ለባልዎ የተሸለመው በሽታ ነው ልበል?

ጃንዋሪ 23

ዛሬም አልነገርኳቸውም።

ፌብሩዋሪ 2

ነጭ። በሁለቱም በኩል። አጥንት።

ጭንብል ውስጥ ማልቀስ ሞኝነት ነው። ውሃ ይሞላና መውጣት ግድ ይላል። ኤሮኒ ከጀልባው ሆኖ አየኝና ጭንብሌን ተቀብሎ ውሃውን ደፋልኝ።

ማታ። መረጋጋት አቃተኝ፤ ልጻፈው። የነጣ ሁሉ አልሞተም። ተርቦ ነው ያለው። ውሃው ቶሎ ከበረደ ይድናል። የሚሞተውን ደግሞ አልጌ ይወርሰዋል፤ ያ ጸጉር የመሰለ አረንጓዴ ነገር አንዴ ከሸፈነው አዲስ ኮራል የሚይዝበት ቦታ አያገኝም። አልጌውን ግጦ የሚያጸዳልን በቀቀን ዓሣ ነው፤ ያ መንቁር የሚመስል ጥርስ ያለው ሰማያዊ። እሱ ከተረፈ ተስፋ አለ።

የአጎቴን በኩል ሐዘኑ ይጠብቀዋል። የደቡቡን ግን በየቀኑ ያጠምዱበታል። እዚያ መሐል ላይ ያለው የቀንድ ኮራል፣ ልጅ ሆኜ የአትክልት ቦታው የምለው፣ ከሁሉም የሚያሳሳኝ እሱ ነው። ይዘጋ ብዬ ብጠይቅስ? ምን ይበላሉ? ከውጪው በኩል፣ ከጥልቁ ያጥምዱ። ጀልባ አለ። ይቻላል። ይመስለኛል።

ፌብሩዋሪ 5

ተሳካ!

አንድ ነዶ ያቆና፣ መጠጡ የሚጨመቅበትን ሥር፣ ይዤ አጎቴ ኤሳላ ዘንድ ቀረብኩ። ወንዶቹ በሙሉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በቀቀን ዓሣ፣ ስለ አልጌው ሁሉንም አስረዳሁ። ውሃው እስኪበርድ የደቡቡም በኩል ይዘጋልኝ አልኩ። ሁሉም ምንጣፉን ያያሉ። በመጨረሻ አጎቴ አጨበጨቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። «የእህታችን ልጅ የተናገረችው ተሰምቷል» አሉ።

አንድ ሰው አልተቃወመም! ሌላ መንደር ቢሆን ዓመት ስንጨቃጨቅ ነበር። ያስረዳሁበት መንገድ ጥሩ ነበር መሰለኝ። ሥዕል ማሳየቱም ረድቷል።

ስንወጣ ኤሮኒ፣ «ጥርሳችንን ብትጠይቂንም ነቅለን እንሰጥሽ ነበር» አለኝ። ስቄ ገፈተርኩት።

ፌብሩዋሪ 6

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ማን እምቢ አለሽ?»

«ማንም!»

«ኡናይሲ፣ የወንድሞቼ ቤት አንቺን እምቢ ማለት ይችላል እንዴ? ከግቢያቸው ዶሮ አንሥተሽ ብትሄጂ እኮ ላባውን ነጭተው ነው የሚያስይዙሽ።»

«እማዬ፣ ይሄ የዶሮ ጉዳይ አይደለም። አስረድቻቸዋለሁ።»

«እሺ» አለች። እናቴ እሺ ስትል እሺ ማለቷ አይደለም። ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ደግሞም ተገላገልኩ። እሷ ስለ ኮራል ምን ታውቃለች?

ፌብሩዋሪ 13

ቧንቧው ጋ ሴቶች ይሳሳቃሉ።

«ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«የቆርቆሮ ዓሣ።»

«ትናንትስ?»

«የቆርቆሮ እናት።»

«ባሌ እኮ ሆዴ ዝጓል እያለኝ ነው!»

እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ደህና አደርሽ፣ እንዴት አደርሽ። ተራ ለቀቁልኝ። ባልዲዬን ሞሉልኝ። ተሸክመው ሊያደርሱልኝም ነበር።

ስለ ምን እንደሚያወሩ መጠየቅ ነበረብኝ። ቸኩዬ ነበር።

ራት ዓሣ ነበር፣ ጣት የሚያስቆረጥም። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ። «ከሩቅ» አሉ እትዬ ኪኒሲሜሬ። ኤሮኒ ከውጪው በኩል አምጥቶ ይሆናል። ጎበዝ ነው፤ ፊቱ ላይ አላመሰግነውም እንጂ። እሳቸው ምግብ አልቀረቡም፤ «እኔ ቀደም ብዬ በልቻለሁ» ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። ሰው ሲበላ ማየት ደስ ይላቸዋል።

ፌብሩዋሪ 20

ቆጠራ። ሜትሩን ኮራሉ ላይ ዘርግቼ እየዋኘሁ ግራና ቀኝ ያለውን ዓሣ እቆጥራለሁ። በአጎቴ በኩል በቀቀኑ እንደ ጃንዋሪው ነው። በእኔ በኩል፣ ባዘጋሁት ደቡብ፣ ቀንሷል።

ለምን? ያው ውሃ፣ ያው ሙቀት።

ፌብሩዋሪ 24

ደግሜ ቆጠርኩ። ይባስ ብሏል።

ሞገዱ ይሆን? ወደ ጥልቁ ወርደው ይሆን? ታዲያ የአጎቴዎቹ ለምን አልወረዱም? ለፕሮፌሰሬ ልጽፍ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ። የቀንድ ኮራሉ ሥር አረንጓዴ ነገር ጀምሮታል። በጣቴ ፈገፈግኩት። በጣት አይሆንም።

እትዬ ኪኒሲሜሬ ያስላሉ። ጣታቸው ላይ ቀጭን ቀጭን ቁርጥ አየሁ። «ካሳቫ ስልጥ» አሉ።

ማርች 1

የፊጂ ሬዲዮ አውሎ ነፋሱ በሩቁ ያልፋል ቢልም ከአራት ቀን ወዲህ አንድም ጀልባ አልወጣም። ዝናብ። ቤት ውስጥ ታስሬ ቁጥሮቼን እየገለባበጥኩ ነው። አንድም ምክንያት አልያዝ አለኝ።

ራት፦ ዓሣ። ጭራው በኩል ያለው ወፍራም ሥጋ። ጨረስኩት።

ማርች 6

ዛሬ ኤሮኒ ላይ ጮኽኩ። «ከእኔ በኩል የሚያጠምድ ሰው አለ! ሌላ ምክንያት የለውም!»

ሞተሩን አጠፋ። «ማን ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የማዶው መንደር ሰዎች ይሆናሉ።»

«ይሆናሉ» አለ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰድበኝ ዋለ። ምን አጠፋሁ?

ማርች 9

አውቄዋለሁ። ምናልባትም ቀድሞም አውቀው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲሸሽ ሙቀት መለኪያ ላነሣ በእግሬ ወደ ደቡቡ ሄድኩ። ዝናብ ነው። ከፊቴ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጣቱ ላይ የተጠመጠመ ክር ወደ ቀንድ ኮራሉ ሥር ለቆ አየሁ። ማን መሆኑን ሳላይ፣ «አንተ! ውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ዞር ሲል እትዬ ኪኒሲሜሬ ናቸው። ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ጀርባቸው ላይ ያለው ከኮኮናት ቅጠል የተሠራ ቅርጫት ውስጥ ሁለት በቀቀን ዓሦች አሉ። አንዱ አሁንም ይፈራገጣል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ራትሽን» አሉ።

ሐዘንተኛ ባሕር አይገባም። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ሁሉም ቤት ቆርቆሮ አይደል እንዴ የሚበላው? ለእኔስ ምናለበት?»

«ቆርቆሮ?» አሉ ተቆጥተው። «የሴሩ እህት ልጅ በሴሩ ቤት ቆርቆሮ በላች ተብሎ ይወራብኝ? ምነው ሞቻለሁ እንዴ?»

«እርስዎስ ምን ሲበሉ ነበር?»

«ቆርቆሮ ነዋ። ለጥልቁ የጀልባ ነዳጅ ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ ስጠይቅ ለምን እሺ አላችሁኝ?»

ያላወቅኩት ነገር መኖሩ ያስገረማቸው መሰሉ። «ጠየቅሽና ነዋ፣ ልጄ።»

ቅርጫቱን ተቀብዬ ተሸከምኩ። በየደጁ ፊት አለፍን። በዝናብ፣ ከተዘጋው ባሕር የመጣ ዓሣ ጀርባዬ ላይ ይዤ። ማንም አልደነገጠም። አንዷ እንዲያውም በመስኮት፣ «ዛሬ ትልልቅ ነው!» አለች።

ማታ። ቀን የምቆጥረውን ማታ ስበላው ነበር። ይሄው ነው። ሁለቴ እያስጨመርኩ! አጥንቱን አይቻለሁ፣ መንቁሩን ሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ በሥራዬ በየቀኑ የማየውን መንቁር። አልለየሁትም? ያን ያህል ደነዝ ነኝ? የለየሁት ቀን ያለ ይመስለኛል። ማርች መባቻ ላይ። ጣፍጦኝ ነበርና ዝም አልኩ።

እናቴ ነግራኝ ነበር። ኤሮኒም በቀልዱ ነግሮኛል። እነዚያ ሴቶችም ቧንቧው ጋ። አስረዳሁ ብዬ የተኩራራሁት ስብሰባ ላይ ማንም አልሰማኝም። የሰሙት የእናቴን ስም ነው።

አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ማርች 10

አጎቴ ኤሳላ ዘንድ ሄድኩ። «አጎቴ፣ እምቢ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺን?» ሳቁ። «እናትሽ ስትዳር ያን ቃል ከቤታችን ይዛው ሄደች።»

«ሰው እየተራበ ነው።»

«ክፈቱ ካልሽ እንከፍታለን። ዝጉ ካልሽ እንዘጋለን።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«አንቺ ያልሽውን።»

እብደት ነው! ክፈቱ ብል ነገ ማለዳ መንደሩ በሙሉ መረቡን ይዞ ይወርዳል፤ ቀንድ ኮራሉ በዚያው ያልቅለታል። ይዘጋ ብል እትዬ ኪኒሲሜሬ ውሃ ውስጥ ይሞቱብኛል። ማታ ዓሣ አልበላም፣ ጎደሬው ይበቃኛል አልኳቸው። ወጡ ያልጣፈጠኝ መስሏቸው አለቀሱ።

ማርች 12

ኤሮኒ ጀልባው ላይ፣ «እኔ ልጠይቅልሽ» አለ።

«ምኑን?»

«ያንኑ። እንዳንቺ ሳይሆን እንደ ራሴ ሐሳብ። እኔን እምቢ ያላለኝ ሰው እዚህ ደሴት ላይ የለም። አባቴ በየቀኑ ይለኛል። ሚስት ስጠይቅ ስንት ቤት እምቢ እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«አሁንም እምቢ ይሉሃል።»

«ታዲያ እሱን አይደል የምትፈልጊው?»

ይሄ ሰው ሞኝ አይደለም። ይህን ፊቱ ላይ አልልም።

ማርች 14

ተሰበሰቡ። እኔ አልገባሁም። ከእትዬ ኪኒሲሜሬ ጋር ማዕድ ቤት ቁጭ ብዬ ካሳቫ ስልጥ ሁሉም ተሰማኝ።

«ደግሞ አንተ ብሎ ባሕር ዘጊ!»

«ሴቶቹ ምን ያብሉን? ጢምህን?»

«ዝም ብሎ ያቆናውን ይጠጣ!»

ሴቶቹም ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ጮኹበት። የወር ሙሉ የቆርቆሮ ምሬት ከአፋቸው ወጣ። ከዚያ የአጎቴ ኤሳላ ድምፅ፣ «አይሆንም! ደቡቡ በሙሉ አይሆንም ብያለሁ!» ተሰማ። ያን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ ኪኒሲሜሬ ካሳቫቸው ላይ አጎንብሰው ፈገግ አሉ።

ሲመሽ ኤሮኒ ድምፁ ዘግቶ ወጣ።

«ደቡቡ ነገ ይከፈታል። የአትክልት ቦታሽ ብቻ እስከ ገና ይዘጋል። ለእሱም በደንብ ተሰድቤያለሁ።»

«በቀቀኑስ?»

«ለድግሱ ይያዛል። ከድግሱ በኋላ እስከ ገና የትም አይያዝም። ይሄን ቀድመው ያስጨረሱት አክስቴ ናቸው በል ቢሉኝም አልነግርሽም።» ወደ እትዬ ኪኒሲሜሬ አየ። እሳቸው ያልሰሙ መሰሉ።

ከጠየቅኩት ሲሶው እንኳ አይሆንም። ትንሽ ነው! ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እንዳልተኛሁት ተኛሁ።

ማርች 30

ውሃው መብረድ ጀመረ። አትክልት ቦታው ውስጥ የቀንዶቹ ሥር ላይ ቡናማ ቀለም፣ የተባረሩት ደቃቃ ፍጥረታት ቀለም፣ ተመልሷል። ትንሽ፣ ጥፍር የምታህል። በሌላው የደቡብ በኩል ያለው ሞቷል። እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦ ሞቷል። በልቼዋለሁ ማለትም ይቻላል።

ትናንት አንድ ጎረምሳ አትክልት ቦታው መሐል መረብ ሊጥል ሲል ሴቶቹ ከዳር ሆነው የእናቱን ስም እየጠሩ አባረሩት። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ኤፕሪል 5

ሐዘኑ አበቃ። ጥቁር ጨርቆቹ ወረዱ። የአጎቴ በኩል ተከፍቶ ዓሣው ምንጣፍ ላይ ተከመረ። አልቆጠርኩም። ውስጤ ግን ቆጠረ፤ እጄን ከጉልበቴ በታች ደበቅኩት። ኤሮኒ ጢሙን ተላጭቶ አገጭ የሌለው መሆኑ ተጋለጠ፤ ነገርኩት። «ለዚህ ነው ያሳደግኩት» አለ። ትልቁን ዓሣ እኔ ፊት አስቀመጡት። የአጎቴ ሴሩ ነውና እያለቀስኩ በላሁ።

ኤፕሪል 9

ነገ መርከቧ ትመጣለች። ሻንጣዬን አሰርኩ። አልጨረስኩም። ስለ ገና አስባለሁ፣ ስለሚቀጥለው በጋ አስባለሁ፤ ያቺ ጥፍር የምታህል ቡናማ ለሌላ እንዲህ ያለ ሙቀት ትቆማለች ብዬ መማል አልችልም።

እትዬ ኪኒሲሜሬ ዛሬ ጥቁር አልለበሱም። ራት አቀረቡ፤ ሁለት ሳህን። ጎደሬና የቆርቆሮ ዓሣ።

«ቆርቆሮ ነው» አሉ ቆጣ ብለው።

«ይታየኛል።»

ጨው የበዛበት፣ ዘይት የዋጠው ነገር ነው። ጨርሼ ሳህኔን ዘረጋሁ። «ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

ቆርቆሮውን ገልብጠው አሳዩኝ። «የለም» አሉኝ። የራሳቸውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ከፊቴ መብላት ጀመሩ።